የሽቦ መጋጠሚያና የጣራችን ሶላር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ሽቦ ልናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቹ ከለጋምቦ ገጠር ስንቃቸውን ተሸክመው እየመጡ አቀስታ ላይ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ወደ ወላጆቻቸው ሲመለሱ ማታ የሚያጠኑበት ብርሃን የሚመጣው በጣራው ላይ ከተሰቀለች ከአንዲት ሶላር ነው። የኩራዝ ጭስ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን ኖሯልና ሶላሩን በደስታ ተቀብለነዋል። ዳሩ ግን ቤተሰብ በግ ሸጦ የገዛው ይህ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው፥ ሲብስም ለቤት ቃጠሎ ምክንያት የሚሆነው፥ በሰሌዳው ጥፋት ሳይሆን ሁለት ሽቦዎች በተገናኙባት በአንዲት ጣት በምታህል ቦታ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህች ቦታ ነው።

የፀሐይ ኤሌክትሪክ ላገራችን አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. በመካከለኛው ኢትዮጵያ 10.5 ኪሎዋት የሚሰጥ የሶላር ጣቢያ ተተክሎ 300 ያህል የገጠር ቤቶችን አብርቷል። ኋላም በሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባለው መንደርና ባካባቢዋ ከ2000 በላይ ትንንሽ ሶላሮች በየቤቱ ሲገቡ፥ ሶላር የሚተክሉና የሚጠግኑ ሰዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት አብሮ ተከፍቶ ነበር። እኔን ከ2000ው ሶላር ይልቅ የሚያስደንቀኝ ትምህርት ቤቱ ነው። ሰሌዳው በገንዘብ ይገዛል፤ ሽቦውን የሚያገናኘው እጅ ግን መማር አለበት። ዛሬ በየገበያው ሶላር የሚገዛ ሰው ዕቃውን የሚያሰቅለው ኤሌክትሪክ ያውቃል በተባለ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ያም ልጅ ብዙ ጊዜ ከእኛ ከተማሪዎች አንዱ ነው።

መጋጠሚያ ለምን ይሞቃል? ሽቦዎቹ ላላ ብለው ከተነካኩ ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት በር ይጠብበታል። በፊዚክስ እንደ ተማርነው ሙቀቱ የሚገኘው የአምፔሩን ካሬ በኦሙ በማባዛት ነው። 3 አምፔር በሚያልፍበት መስመር ላይ መጋጠሚያው ግማሽ ኦም ቢያግድ 1.5 ቮልት ይጠፋል፥ 4.5 ዋትም በዚያች ነጥብ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ባትሪው በደንብ አይሞላም፤ ባለቤቱም ባትሪውን ይረግማል። ሶላሩ አድጎ 10 አምፔር ቢሆን ግን ያው መጋጠሚያ 50 ዋት ያወጣል። ስታኞ የምናቀልጥበት መሣሪያ ሙቀቱ ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። እንዲህ ያለውን ነገር በሣር ክዳን ውስጥ ሸሽጎ መተኛት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት።

ሌላም ነገር አለ። የመብራት ኃይል ኤሌክትሪክ እየተመላለሰ ስለሚሄድ በሴኮንድ 100 ጊዜ ለቅጽበት ዜሮ ይሆናል፤ ብልጭታ ቢነሣ የመጥፋት ዕድል ያገኛል። የሶላር ኤሌክትሪክ ግን ባንድ አቅጣጫ ሳያቋርጥ ስለሚፈስ፥ በተለይ ብዙ ሰሌዳዎች ተቀጣጥለው ቮልቱ ከፍ ሲል፥ በላላው መጋጠሚያ የተነሣው እሳት አይለቅም። ፊውዝ ይጠብቀናል እንዳትሉ፤ ሰሌዳ ሽቦው ቢነካካም እንኳ የሚሰጠው አምፔር ከወትሮው የሚበልጠው በጥቂቱ ብቻ ነውና ፊውዙ ላይቃጠል ይችላል። ባትሪው ግን በቅጽበት እጅግ ብዙ አምፔር ስለሚለቅ ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ መኖሩ ግዴታ ነው።

ይህ የድኻ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ዋልማርት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ7 መደብሮቹ ጣራ ላይ ከሶላሮች እሳት ተነሣ ብሎ ቴስላን ከሶ ነበር፤ በክሱም ውስጥ የሽቦ ማያያዣዎች ነገር ተነሥቶ ነበር። ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ።

አሁን ወደ እኛ ጣራ እንመለስ። በጣም የተለመደው ሽቦውን በጥርስ ልጦ፥ ጠምዝዞ፥ በናስትሮ መጠቅለል ነው። ጥርስንም ሽቦንም ይጐዳል። ያቀስታ ሌሊት ውርጭ ነው፥ ቀትሩ ደግሞ ቆርቆሮውን ያግለዋል፤ በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል። ናስትሮው ሙጫው ይለቃል፥ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ውኃ ይገባበታል፥ መዳቡም ይዝጋል። የተጠመዘዘውም በሙቀትና በብርድ ሲለጠጥና ሲኮማተር እየላላ ይሄዳል። መዳብን ካሉሚኒየም ጋር መጠምዘዝ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል።

ስታኞ መልካም ነው፥ ግን ብቻውን መያዣ አይሆንም፤ መጋጠሚያው ከጋለ ይለሰልሳል፥ ሽቦውም ይለያያል። በብሎን የሚጠብቀው ማያያዣ ዝናብ በማይነካው ሣጥን ውስጥ ሆኖ በየጊዜው በካቻቢቴ ቢፈተሽ ይበቃል። ለደጅ እኔ የምመርጠው ሽቦዎቹን በመዳብ ቱቦ ውስጥ አግብቶ ለዚሁ በተሠራ መጭመቂያ ፒንሳ መጭመቅ፥ በላዩም ሲሞቅ የሚኮማተረውን ላስቲክ ማልበስ ነው። ከሰሌዳው ጋር የሚመጣው ኤም.ሲ.4 የተባለው መሰኪያም እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወንዱና ሴቱ ከአንድ ፋብሪካ ይሁኑ፤ ቀጭ ብለው ስለ ገጠሙ ብቻ ይስማማሉ ማለት አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በጣራ ላይ መጋጠሚያ አለማድረግ ነው። ገመዱን ከመግዛታችን በፊት በሲባጎ ለክተን አንድ ወጥ ብንገዛ የምንጨምረው ብር ጥቂት ነው። የግድ ከሆነም መጋጠሚያው ከሣሩ ርቆ፥ ከታዛው ሥር በዓይን በሚታይበት ይሁን፤ ነፋስ እንዳይጐትተው ገመዱ ይታሰር፥ በቆርቆሮው ጠርዝም እንዳይፋቅ ይከለል። ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ቢል ውኃው ከዚያ ይንጠባጠባል።

ሰሌዳ ፀሐይ እስካየ ድረስ ማጥፊያ የለውም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው መብራቱን አጥፍቶ ሰሌዳውን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ፥ ወይም ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው። ኤሌክትሪክ እየፈሰሰበት መሰኪያ አይነቀልም።

የክበባችን አባሎች ያዘጋጇቸው መጋጠሚያዎች ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። አባቶችና እናቶችም እየመጣችሁ በእጃችሁ ጎትታችሁ እንድትሞክሯቸው እንለምናችኋለን። የተጠመዘዘውን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነቅሎታል፤ የተጨመቀውን ግን እስከ ትናንት ማታ ድረስ የነቀለው የለም።