ከመኪና ማንሻ ሥር ለምትሠሩ
(በሻርጃ ለሚሠሩ የጋራዥ ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



የዕረፍት ቀናችሁን ሰውታችሁ በመገኘታችሁ በኤምባሲያችን የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ከራስ በላይ በተነሣ መኪና ሥር መሥራት ለእናንተ የዕለት ተዕለት ተግባር ነው። አደጋው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠነሰሰው መኪናው ገና መሬት ላይ ሳለ ነው፤ የሊፍቱ ክንዶች አምራቹ ካመለከተው ቦታ ውጭ ሲያርፉ፣ ወይም ክብደቱ ከሊፍቱ አቅም ሲያልፍ። ስለዚህ ጎማው ከመሬት ጥቂት እንደተላቀቀ አቁማችሁ ነቅነቅ በማድረግ ፈትሹ። የፈለጋችሁት ከፍታ ላይ ሲደርስም ሸክሙ በዘይት ግፊት ብቻ እንዳይቀር በብረት መቆለፊያው ላይ አሳርፉት። ሞተር ወይም ካምቢዮ ሲወርድ ሚዛኑ ስለሚለወጥ ተጨማሪ ድጋፍ አድርጉ። መኪናው መንሸራተት ከጀመረ ግን ሽሹ እንጂ ልታድኑት አትሞክሩ፤ ብረት ይተካል።

አንድ ወጣት መካኒክ በምርኩዝ ወደ ቢሯችን መጥቶ ነበር። እግሩን የሰበረው ከሊፍት የወደቀ መኪና ነው። አለቃው «ቤት ውስጥ ወደቅሁ በል፤ እኔ አሳክምሃለሁ» ቢለው አምኖ ለሐኪሙ እንዲያው ተናገረ። ቃሉ በሕክምና መዝገብ ሰፈረ፤ ደመወዙም ተቋረጠ። ያን አንድ መስመር ለማስተባበል የሥራ ባልደረቦቹን ምስክርነት ፍለጋ ብዙ ደከምን።

በዚህ አገር የ2021ዱ የፌዴራል የሥራ ሕግ ቁጥር 33 መሠረት በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ጉዳቱ ከሥራ ካገዳችሁ፣ በሕክምና ላይ እስካላችሁ ድረስ እስከ 6 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ካልዳናችሁም እስከ 6 ወር ተጨማሪ ጊዜ ግማሽ ደመወዝ ይከፈላችኋል። ለቋሚ የአካል ጉዳትና ለሞትም ካሣ አለ። ሆኖም በግልጽ የተለጠፈን የደኅንነት መመሪያ ሆን ብሎ የጣሰ ሠራተኛ ካሣውን ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ ጥንቃቄያችሁ አካላችሁን ብቻ ሳይሆን መብታችሁንም ይጠብቃል።

ስለዚህ ጉዳት ሲደርስ ለሐኪሙ የት፣ መቼና እንዴት እንደሆነ እውነቱን ተናገሩ። የሥፍራውን ፎቶግራፍና የሕክምና ወረቀታችሁን ያዙ፤ ያልገባችሁን ጽሑፍ አትፈርሙ። ካሣ ከተከለከላችሁ ለሰው ኃይል ሚኒስቴር አቤት በሉ፤ ለእኛም አስታውቁ። ሊፍቱ ዘይት ሲያፈስ ወይም መቆለፊያው ሲበላሽ ደግሞ ለአሠሪያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ቤተሰቦቻችሁ ከምትልኩት ገንዘብ በላይ የሚጠብቁት በጤና መመለሳችሁን ነው።