ጋራዥ ደረሰኝ ላይ የማይጻፍ ሥራ

በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያቀረበችው ንግግር



ከእኔ በፊት የተናገሩት እህቶች ስለ ቅርጫት ስፌት፣ ስለ በርበሬና ስለ ከብት ማድለብ አጫውተውናል። እኔ የማወራው ስለ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። ይህ ደግሞ ለሴቶች ምናቸው ነው የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ሐረርን ከጭነት መኪና ጋር ያስተዋወቃት ባቡር ነው። የጅቡቲው ምድር ባቡር መጀመሪያ ወደ ሐረር ሊመጣ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ስለከበደ በ1895 ዓ.ም. ታች ቆላው ላይ ቀረ፣ ድሬዳዋም በዚያው ከተማ ሆነች። ከዚያ ወዲህ በባቡር ለሐረር የሚመጣው አቡጀዲም ስኳርም የደንገጎን ዳገት መውጣት ነበረበት። ፊት በግመልና በበቅሎ፣ ኋላ በካሚዮን ወጣ። ትሬንታ ኳትሮ ሲባል የሰማችሁት የጣሊያን ጊዜ መኪና ፊያት 634 ነው፤ ስሙ በጣሊያንኛ 34 ማለት ነው። ቀጥሎ አባቶቻችን የሚምሉበት ኤንትሬ መጣ፤ ፊያት 682 ኤን 3። ፊያት ይህን የ682 ዘር እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1988 ድረስ ሲሠራው ቆይቷል። ትንሿ ደግሞ ፔጆ 404 ናት፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1960 ጀምረው በ1975 ግድም መኪናዋን ቢያቆሙም ሐረር ግን አላቆመቻትም። ባጃጅ እስኪሻማት ድረስ የከተማችን ታክሲ እሷ ነበረች፤ ዛሬም ሸዋ በር ብትቆሙ ታገኟታላችሁ።

እነዚህ መኪኖች እስከ ዛሬ የቆዩት ጠንካራ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ውስጣቸው ኮምፒውተር የለም። የኤንትሬ ሞተር ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ከ10 ሊትር የሚበልጥ የናፍጣ ሞተር ነው፤ የተበላው ክፍል ቶርኖ ቤት ተወስዶ እንደገና ይበጃል። የፔጆዋ ፒስተን የሚመላለስበት ቱቦ ተነቅሎ ወጥቶ በሌላ ይተካል፣ ሞተሩ በሙሉ አይጣልም። ባሌስትራ ቢሰበር ብረት ቀጥቃጭ አለ። እንግዲህ አሮጌ መኪና ማደስ የሚቻለው በእጅ ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ ነው የእኛ ነገር የሚመጣው፤ የማን እጅ?

የባለቤቴ ቤተሰብ ጋራዥ ሥራው ይኸው ነው፤ የቆሙ ኤንትሬዎችንና ፔጆዎችን ማስነሳት። ጋራዡን የከፈቱት የባለቤቴ አባት ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አንድ ኤንትሬ ሲገባ መጀመሪያ ካሶኒው ይወርዳል፣ ከዚያ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው አያየውም። በመቶ የሚቆጠር ቡሎንና ኩሽኔታ በናፍጣ ይታጠባል። ካቢናው በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፤ ባትላሜራው መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት ዝገቱ መነሳት አለበት። መቀመጫው ተቀድዶ እንደ አዲስ ይሰፋል። ለጠፋ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስልክ ይደወላል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ገንዘብ ይላካል። ገንዘቡ ካልደረሰ የአንዳችን ዕቁብ ይገባበታል። ለሠራተኛው ምሳ ይቀርባል። ይህን ሁሉ የምንሠራው የባለቤቴ እናት፣ ሁለቱ እህቶቹና እኔ ነን።

የባለቤቴን እናት እማማ ነው የምንላቸው። ፊደል አልቆጠሩም። የተፈታውን ቡሎን ሁሉ በዱቄት ወተትና በቲማቲም ቆርቆሮ እየለዩ ያስቀምጣሉ፤ ቆርቆሮው ላይ ክር ያስራሉ፣ ቀይ ለካምቢዮ፣ አረንጓዴ ለፍሬን፣ ነጭ ለሞተር። አንድ መኪና መለዋወጫ ጠብቆ ዓመት ሊቆም ይችላል። መካኒኩ ቢለቅ፣ ረዳቱ ቢሄድ፣ ክሩ የቱ የት እንደሚገባ ይናገራል። ተምሬ ዲፕሎማ ይዤ ከዚህ የተሻለ የዕቃ አያያዝ አላየሁም።

ደረሰኝ ላይ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ መለዋወጫና የመካኒክ ጉልበት። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ የሴቶቹን ቀን መጻፍ ጀመርኩ። ከድሬዳዋ የመጣ አንድ ደንበኛ የአባቱን ኤንትሬ ሲያሳድስ፣ ሥራው ሰባት ወር ፈጅቶ፣ የእኛ ብቻ ሲደመር 94 የሥራ ቀን ሆነ። ምሳውን አልቆጠርኩም። ደረሰኙ ላይ ሦስተኛ መስመር ጨመርኩ፤ «ዝገት ማንሳት፣ እጥበትና መቀመጫ ስፌት»። የባለቤቴ ወንድም ሳቀ፤ ቤተሰብ ለቤተሰብ ደሞዝ ይቆርጣል ወይ አለኝ። ባለቤቴ ሁለት ቀን ዝም አለ። ደንበኛው ስለ ሞተሩ ዋጋ ሲሟገት ዋለ፤ በሦስተኛው መስመር ላይ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። መቀመጫው ላይ ተቀምጦ አይቶት ነበርና።

ደብተሩ ለገንዘብ ብቻ መስሎኝ ነበር የያዝኩት። የባለቤቴ አባት ሲያርፉ ንግድ ፈቃዱም፣ ቶርኖውም፣ ግማሽ የተሠራ ኤንትሬም በእሳቸው ስም ነበር። ልጆቹ ለመካፈል ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በክፋት ሳይሆን፣ «እሷ ጋራዡ ውስጥ ምን ሠርታለች?» ብሎ ጠየቀ። እማማ ከአርባ ዓመት በላይ እዚያ ግቢ ውስጥ ኖረው መልስ አጡ። ሥራዬ ነው ብለው አስበውት ስለማያውቁ ይመስለኛል። እኔ ደብተሩን አመጣሁ፣ የባለቤቴ እህት ደግሞ ቆርቆሮዎቹን በእንቅብ ይዛ መጣች።

በሕግም መሠረት አለው፤ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ይሁን እንጂ ሽማግሌ ፊት አንቀጽ ከመጥቀስ ደብተር ማሳየት ይቀላል። ጋራዡ እንዳይሸጥ ተስማሙ፤ ፈቃዱም በእማማና በበኩር ልጃቸው ስም በሽርክና ወጣ።

ነገሩ ግን አላለቀም። ታናሹ ልጅ ድርሻውን በጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል፤ መብቱ ነው፣ እሱም ልጆች አሉት። እስከ ሰኔ ካልተከፈለው ቶርኖው ይሸጣል። ቶርኖ የሌለው ጋራዥ ደግሞ ጎማ ነፊ ነው። ብድር የጠየቅንበት ባንክ ኤንትሬውን አይቶ አሮጌ ብረት በመያዣ አንይዝም አለን።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የማህበራችን የብድር ቅጽ ላይ «የሥራ ዓይነት» የሚል ቦታ አለ። ባለፈው ቅጾቹን ከጸሐፊያችን ጋር ስናይ ባለቤቷ ጋራዥ፣ እንጨት ቤት ወይም ወፍጮ ያለው አባል ሁሉ የጻፈችው «የቤት እመቤት» ብላ ነው። በዚህ ምክንያት የቤተሰብ ሥራ ማስፋፊያ የሚለው ብድር አይደርሳትም፤ የሚደርሳት የዶሮው ነው። በዶሮ ላይ ቂም የለኝም። ቅጹ «በቤተሰቡ ሥራ ውስጥ የምትሠሪው ምንድን ነው? በሳምንት ስንት ቀን?» ብሎ ይጠይቅ ነው የምለው። የስድስት ወር ደብተር ያላት ሴት ደብተሯ እንደ ማስረጃ ይያዝላት። የጥንት የአፎቻ እናቶች ማን ምን እንዳዋጣ በቃል ይዘው ለሠርጉም ለለቅሶውም አድርሰዋል፤ እኛ በጽሑፍ መያዝ አያቅተንም። የእኔ ቤተሰብ ማመልከቻ ሲቀርብ እኔ ድምፅ አልሰጥም፣ ከአዳራሹም እወጣለሁ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር ልበል፣ እንዳትቀየሙኝ። በየዓመቱ የልብስ ስፌት መኪና ትልኩልናላችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሐረር ግን የስፌት መኪና አልጠፋባትም፤ ጁገል ውስጥ በስፌት መኪና ድምፅ ስሙን ያገኘ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለን። የላካችሁት ልብስ ይሰፋል፤ የኤንትሬን መቀመጫ ስንሞክርበት ግን አንድ ቀን ላይ አራት መርፌ ተሰበረ። የሚያስፈልገን ቆዳና ሸራ የሚሰፋው ከባዱ ዓይነት ነው፣ አንድ ቢሆን ይበቃል። ከስምንት ወይም ከአሥር ትናንሽ ይልቅ አንድ ትልቅ፣ በማህበሩ ስም፣ በተራ የምንሠራበት። የባጃጅ መቀመጫና ጣራ፣ የፔጆ ወንበር፣ የጭነት መኪና ሸራ፣ ሁሉም ዛሬ ተቀድዶ የሚሰፋለት የሚፈልግ ነው፤ ሥራውንም የሚችሉ ሦስት ሴቶች እዚሁ ተቀምጠዋል።

ኮሚቴው ጉዳዩን በሚቀጥለው ወር ስብሰባ አጀንዳ እንደሚያደርገው ሊቀመንበራችን ነግራኛለች። እስከዚያ ማየት የምትፈልጉ ጋራዡ ከእሑድ በቀር ክፍት ነው፤ ግማሽ የተሠራው ኤንትሬም አለ። ነጭ ልብስ ለብሳችሁ አትምጡ። እማማም ቆርቆሮዎቹን ያሳዩአችኋል፣ ክሩን ግን እንዳትነኩባቸው።