ሀገያ ሳይገባ

እሱ፦ እህቴ፣ በኬንያዋ ሞያሌ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ 5 ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ነበር። ገበሬውን «ምርት ጨምር» ማለት ፌዝ አይሆንም?

እሷ፦ ዝናቡ ጨርሶ ከቀረ ልክ ነህ። እኔ የምለው ስለመጣው ዝናብ ነው። የመጋቢቱ የጋና ዝናብም ሆነ የጥቅምቱ የሀገያ ዝናብ አንዴ ዱብ ይልና ጎርፍ ሆኖ ያልፋል። የማሳው ቦይ በየጥቂት እርምጃው በአፈር ቢገደብ ግን ውሃው እዚያው ይሰርጋል።

እሱ፦ ጉልበቱስ?

እሷ፦ ያደክማል፣ አልዋሽህም። የቡርኪና ፋሶው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎ ግን ጠፍ መሬት ያለማው በበጋ ጉድጓድ እየቆፈረ፣ ፍግ እየጨመረበት ነው።

እሱ፦ ፍግማ በየበረቱ ተከምሮ ይደርቃል!

እሷ፦ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው! ቦረናው ከብት ያረባል፣ ቡርጂው ያርሳል፤ ፍጉ ግን ከበረት ወደ ማሳ አይሻገርም። ደግሞ በደንብ ይብሰል፤ ያልበሰለው የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። ዩሪያም ቢሆን መሬቱ ሲርስ፣ በጥቂቱ፣ ከተክሉ ጎን ተደርጎ አፈር ይልበስ። ላይ ላዩን ከተበተነ ወደ አየር ይተናል።

እሱ፦ ዘሩስ?

እሷ፦ ለአጭር ዝናብ ፈጥኖ የሚደርስ እንደ ካቱማኒ ያለ በቆሎ ይሻላል። አራርቆ መዝራትም ያስፈልጋል፤ የተጠጋጋ ቡቃያ ያለችውን እርጥበት ይሻማል። ብዙ ዘር ብዙ ምርት ነው የሚለውን እኔ አልቀበልም።

እሱ፦ እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ሀገያ ሳይገባ ጉድጓዱን ቆፍሩ፣ ፍጉንም ከበረት አውጡ።