ከመጥረግ በፊት መለየት፦ ስለ ካሜራ ሴንሰር አቧራ የተደረገ ዲስኩር



የዛሬው ርእሴ በዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ላይ የሚያርፍ አቧራ ነው። ጉዳዩ ጥቃቅን ቢመስልም ሁለት ትልልቅ ነገሮችን ይነካል፤ ብዙ ገንዘብ ያወጣንበትን መሣሪያና ተመልካች በምስላችን ላይ የጣለውን እምነት። የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፤ አቧራን ከሴንሰር ላይ ከመጥረግም ሆነ ከምስል ላይ ከመሰረዝ በፊት አቧራ መሆኑን ማረጋገጥ ይቀድማል።

በፊልም ዘመን እያንዳንዱ ፎቶ የሚነሣው በአዲስ የፊልም ገጽ ላይ ነበር። አንዱ ገጽ ላይ ያረፈ ብናኝ ከፊልሙ ጋር ተጠቅልሎ ይሄዳል። ዲጂታል ካሜራ ግን ሺህ ፎቶ ቢያነሣ ሺውንም የሚቀበለው አንድ ሴንሰር ነው። ስለዚህ የተጣበቀ ብናኝ እስኪነሣ ድረስ ከፎቶ ፎቶ በዚያው ቦታ ይደጋገማል። ይህን መደጋገም ልብ በሉት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ብናኙ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ የምንወቅሰው ሌንስ የምንቀይርበትን ቅጽበት ነው፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከካሜራው ሆድ የሚወጣም አለ። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2012 ዲ600 የተባለውን ካሜራ ለገበያ ሲያቀርብ ብዙ ተጠቃሚዎች በፎቶዎቻቸው ላይ የሚበዙ ነጥቦችን አዩ። ኩባንያው በ2013 የተሻሻለ ሹተር ያለውን ዲ610 አወጣ፤ በ2014 ደግሞ የዋስትና ጊዜያቸው ያለፈ ዲ600 ካሜራዎችን ጭምር በነፃ መርምሮ፣ አጽድቶ፣ ሹተራቸውን እንደሚቀይር አስታወቀ። ጠንቃቃው ባለሙያ ሁሉ ራሱን ጥፋተኛ ማድረግ እንደሌለበት ይህ ታሪክ ያስረዳል።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንለፍ። አቧራው የሚያርፈው ብርሃን በሚቀበሉት ፒክስሎች ላይ ሳይሆን ከነሱ ፊት በተተከለ ስስ መስታወት ላይ ነው። ፎቶው ላይ የምናየው ነጥብ እንግዲህ የብናኙ ጥላ ነው። በብናኙና በፒክስሎቹ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ርቀት አለ ብለን እናስላ። የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ/2.8 ላይ ተከፍቶ ሳለ ወደ አንድ ፒክስል የሚያመራው የብርሃን ጨረር በመስታወቱ ላይ በግምት 0.36 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነ ብናኝ ከዚህ ብርሃን የሚጋርደው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ዓይን አያስተውለውም። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ/16 ስናጠበው ጨረሩ ወደ 0.06 ሚሊ ሜትር ይቀጥናል፤ ያው ብናኝ ከብርሃኑ ከግማሽ በላይ ይጋርዳል። ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ ሰው የሚያነሣ ባለሙያ ለወራት ያላየውን ነጥብ መልክዓ ምድር የሚያነሣ ጓደኛው በመጀመሪያው ሰማይ ላይ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

ምርመራውም ከዚሁ ይመነጫል። ቀዳዳውን ኤፍ/16 ወይም ኤፍ/22 ላይ አድርጉ፤ አይ.ኤስ.ኦውን ዝቅ አድርጉ፤ ፎከሱን አውጥታችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንሡ። ከዚያም ቀዳዳውን ሳትቀይሩ ሌላ አቅጣጫ አንሡ። በሁለቱም ፎቶዎች በአንድ ቦታ የታየ ነጥብ አቧራ ነው ለማለት ያስችላል። ምስል በሴንሰር ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍ በፎቶው አናት ያያችሁትን ነጥብ በሴንሰሩ ግርጌ ፈልጉት።

ከታወቀ በኋላ ከቀላሉ እርምጃ መጀመር ነው። ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ኢ-1 ካሜራ መስታወቱን በፍጥነት በማንቀጥቀጥ ብናኝ የሚያራግፍ ዘዴ አስተዋወቀ፤ ዛሬ በብዙ ካሜራዎች ይገኛል። እርሱ ካልበቃ ባትሪውን በሚገባ ሞልታችሁ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍታችሁ፣ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ ንፋስ መስጫ ንፉበት። በአፍ መንፋት ምራቅ ይረጫል፤ በቆርቆሮ የታሸገ ንፋስ ደግሞ ፈሳሽ ሊተፋ ይችላል። እርጥብ ማጽጃ ለተጣበቀና ለዘይታም ነጥብ የሚቀመጥ የመጨረሻ እርምጃ ነው፤ ለሴንሰሩ ልክ በተሠራ መጥረጊያ፣ በአንድ ሁለት ጠብታ፣ ከዳር እስከ ዳር አንዴ ከጠረጉ በኋላ ያንኑ ገጽ መልሶ መጠቀም አይገባም። በየጊዜው ያለምክንያት መጥረግ ግን ከአቧራው የባሰ ጭረት ሊያተርፍ ይችላል፤ አቧራ ይነሣል፣ ጭረት አይነሣም።

ክቡራንና ክቡራት፤ አሁን ወደ እምነቱ ጉዳይ ልምጣ። አሶሼትድ ፕሬስ ለፎቶ ጋዜጠኞቹ ባወጣው ደንብ በምስል ውስጥ ያለን ነገር መጨመርም ሆነ መቀነስ ይከለክላል፤ የሴንሰር አቧራን ማስወገድ ግን ይፈቅዳል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ አቧራው ካሜራው ፊት በነበረው ዓለም ውስጥ አልነበረም። ፈቃዱ ታዲያ ፎቶ አንሺው በሚሰጠው ምስክርነት ላይ ይቆማል። ሰማይ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ወፍ ከሆነ፣ ሩቅ የሚበር ድሮን ከሆነ፣ የሰረዝነው አቧራ ሳይሆን ማስረጃ ነው። ቀደም ብዬ ልብ በሉት ያልኩት መደጋገም እዚህ ላይ ይፈርዳል፤ አቧራ በተከታዩ ፎቶም በቦታው ይገኛል፣ ወፍ ግን አይጠብቀንም።

ስለዚህ ከከባድ ሥራ በፊትና በኋላ አንዳንድ የምርመራ ፎቶ አንሥታችሁ ከነቀናቸው ከዋናዎቹ ፋይሎች ጋር እንድታስቀምጡ አሳስባለሁ። አርታኢ «ይህን ለምን ሰረዝከው?» ብሎ ሲጠይቅ የምታቀርቡት መልስ በእጃችሁ ይኖራል።