ከተርባይኑ እስከ ማዋለጃ ክፍሉ



«ሐኪም ስለ ግድብ ምን አገባት?» የምትሉ አትጠፉም። ያገባኛል። ብዙው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጠ ይበላሻል። ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራው ማሽን ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚተኛበት ማሞቂያም እንደዚሁ። «መብራት ሄደ» ሲባል እኛ ቀድመን የምናስበው የትኛው ታካሚ በምን ማሽን ላይ እንዳለ ነው።

ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ከፍታ ላይ የተጠራቀመው ውሃ በቱቦ ሲወርድ ተርባይኑን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑም ጀነሬተሩን። ናፍጣ አይቃጠልም፤ ውሃውም መንገዱን ይቀጥላል። የጥንቱ አባ ሳሙኤል 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቆቃ 43 ሆነ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ደግሞ በ13 ተርባይኖች 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከደመወዛችን አዋጥተንበታልና ብንኮራ ያምርብናል።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም መብራት የለውም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለመብራትም ይሠራል። እኔ በስልክ መብራት እናት አዋልጃለሁ። ደሟ ቆሟል አልቆመም የሚለውን በዚያ ብርሃን መለየት ምን ማለት እንደሆነ የሙያ ጓደኞቼ ታውቁታላችሁ። ከጤና ጣቢያው ማዶ የከፍተኛ ኃይል መስመር ያልፍ ነበር። የጎደለው ማከፋፈያ ጣቢያና ወደ መንደሩ የሚወርድ መስመር ነው።

ሌላም አለ። በቆቃ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ለሐይቁ የቀረቡ መንደሮች ከራቁት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። ስለዚህ ግድብ ሲታቀድ ሐኪሙ ከመሐንዲሱ ጎን ይቀመጥ፤ አጎበሩም ከውሃው ቀድሞ ይድረስ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ መሐንዲስ አለ፣ ኢኮኖሚስት አለ፣ ሐኪም አለ። ጥያቄዬ አንድ ነው። ማኅበራችን በየተወለድንበት አካባቢ መብራት የሌላቸውን ጤና ጣቢያዎች ይመዝግብ። የጎደለው መስመር ነው? ትራንስፎርመር ነው? ወይስ የውስጥ ዝርጋታ? መምህራኖቻችንም ለተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ያድርጉት። ዝርዝሩ በእጃችን ካለ የሚመለከተውን አካል በማስረጃ መጠየቅ እንችላለን። በሚቀጥለው ስንገናኝ ስንቱ እንደበራ እንድንቆጥር ያድርገን።