ከፋብሪካው የቀደመ ከተማ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የድኻ አገር ከተማ የሀብታሙ አገር ከተማ ዱሮ በነበረበት ደረጃ ላይ ይገኛል፤ ጊዜ ብቻ ይሰጠው እንጂ ይደርስበታል የሚለው አስተሳሰብ በሙያው ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። አስተሳሰቡ ያጽናናል፤ ነገር ግን ልክ አይደለም።

በእንግሊዝ አገር የከተሜው ቁጥር ከገጠሬው በልጦ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 በተደረገው ቆጠራ ነው። ከየገጠሩ የጎረፈውን ሕዝብ በማንችስተር ያሰባሰበው የጥጥ ፋብሪካ ነበር። ከተማዪቱ እንጀራ ትሰጥ ነበር፤ ዕድሜ ግን ትቀማ ነበር። ኤድዊን ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1842 ባቀረበው ዘገባ መሠረት፣ በማንችስተር የሠራተኛው ቤተሰብ አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ዓመት ሲሆን በገጠሪቱ ረትላንድ 38 ነበር። ቁጥሩን እንዲህ ያወረደው በተለይ የሕፃናቱ እልቂት ነው። ለንደንም ብትሆን ታላላቅ የፍሳሽ ቦዮቿን በጆሴፍ ባዛልጌት መሪነት መዘርጋት የጀመረችው፣ እ.ኤ.አ. በ1858 የቴምዝ ወንዝ ግማት ምክር ቤቱን መቀመጫ ካሳጣው በኋላ ነው። ዘገየች፤ ሆኖም የምትከፍለው ነበራት።

በድኻ አገሮች ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ክትባቱና መድኃኒቱ ከፋብሪካውም ከቧንቧውም ቀድመው ደረሱ። ሞት ሲቀንስ ወሊድ ለብዙ ዓመታት ባለበት ስለ ቆየ፣ ከተማው በመጤ ብቻ ሳይሆን በገዛ ልጆቹም ይሞላል። እንጀራ ፈላጊውን የሚጠብቀውም የፋብሪካ ደወል ሳይሆን ጉሊት፣ ሊስትሮና የቀን ሥራ ነው። ከዚህ የሚሰበሰበው ግብር የባዛልጌትን ቦይ አያስቆፍርም።

በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በከተማ ይኖር የነበረው ሕዝብ 16 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ ዋናው ጎርፍ ገና ከፊት ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ ግን በ1976 ዓ.ም. 1.4 ሚሊዮን የነበረው ነዋሪዋ በዚሁ ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ደርሶ ተገኝቷል። የጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት ይቆማል፤ መንገዱና ቱቦው ግን ከዓመታት በኋላ በማፍረስና በካሳ ይከተላሉ። ውዱ መንገድ ይህ ነው።

ርካሹን መንገድ ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1811 አሳይታለች። ሕዝቧ ከመቶ ሺህ እምብዛም ሳይበልጥ፣ እስከ 155ኛው ጎዳና ድረስ በእርሻውና በኮረብታው ላይ የመንገድ መስመር አስነደፈች። (ፕላኑ ለመናፈሻ ንፉግ ነበር፤ ሴንትራል ፓርክ ኋላ የመጣ ነው።) አብዛኛው መስመር ጠጠር ያየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ቢሆንም፣ ቦታው ተጠብቆ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ ወዲህ በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ የተሞከረው የማስፋፊያ ፕላንም መነሻው ይኸው ነው፤ ዋና ዋና መንገዶች ከቤቱ በፊት ይከለሉ የሚል። ለቀያሹ ሥራው ቀላል ነው። ከባዱ፣ መስመሩ የሚያልፍበት ገበሬ ካሳውን መቼ፣ በምን ያህልና ከማን ካዝና እንደሚቀበል ችካሉ ከመተከሉ በፊት መቁረጥ ነው።