የከሚሴ ልብስ በጉባኤ ፊት

(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ እንድንናገርበት የተፈቀደልን ርእስ የቴአትር አልባሳት ነው። ርእሱ ሲነበብ ከኋላ ወንበር ሳቅ ሰምተናል። ፍልስፍናና ኢኮኖሚ በሚነገርበት አዳራሽ ስለ ልብስ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሳይመስላችሁ አይቀርም። ቀልዱን እኛም እናውቀዋለን። ከመካከላችን ሁለቱ የከሚሴ ልጆች ስለ ሆኑ፤ ያገራቸውን ስም በጠሩ ቁጥር «ቀሚሴ ነው ያላችሁት?» እየተባሉ ሁለት ዓመት ቆይተዋል።

ለማያውቃት ባጭሩ እንንገር። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን የምናገኛት፤ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቦርከና ወንዝና የጨፋ ሜዳ አጠገቧ ናቸው። በዚያው ዞን እሑድ የሰንበቴ፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ይቆማል። ባቲ ላይ አፋሩ ከግመሉ ጋር፤ ደገኛው ከእህሉ ጋር፤ የአካባቢው ኦሮሞ ከከብቱ ጋር ይገናኛል። ሾንኬ በምትባለው ተራራማ መንደር ደግሞ በሽመናና በንግድ የታወቁት አርጎባዎች በድንጋይ ቤት ይኖራሉ። እንግዲህ በአንድ ቀን ገበያ ውስጥ የሚታየው ልብስ፤ አስተሳሰሩና አጣጣሉ፤ የማርትሬዛ ብሩና ዶቃው፤ ለሚያስተውል ሰው አንድ ትልቅ መጽሐፍ ነው።

የባቲን ስም የማያውቅ ዘፋኝ የለም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በእርሷ ስም ይጠራል። ዳሩ ግን ዜማውን የተዋስን ሰዎች ልብሱን ሳናይ ቀርተናል። ብዙ ጊዜ ያየነው ተዋናይ የባቲ ሰው ሆኖ ሲወጣ የሚለብሰው «ወሎ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት በመጋዘን የተሰቀለውን ልብስ ነው። እርሱንም ነገ ሌላው ይለብሰዋል።

የኛ ቴአትር የትናንት ልጅ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት «ፋቡላ» ገጸ ባሕርያቱ አውሬዎች ስለ ነበሩ፤ «ተዋናዩ ምን ይልበስ?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን አብሮን ተወልዷል። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ። በውጭውም ዓለም ጉዳዩ እንደ ዋዛ አይታይም። በፕራግ ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ የመድረክ ሥዕልና አልባሳት ታላቅ ዐውደ ርእይ ይደረጋል። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ2013 በተለይ ስለ መድረክ አልባሳት የሚመክር ጉባኤ ተጀምሮ፤ በሁለት ዓመቱ ሄልሲንኪ ላይ ተደግሟል። እንዲህ ባለው ጉባኤ ላይ አንድ የውይይት ሰዓት ለማግኘት ማንም ሰው ሐሳቡን ጽፎ ማመልከት ይችላል። እኛም አመለከትን። የመጣነውም ያመለከትነው ምን እንደ ሆነ፤ እንዴትም እንደ ወደቅን ልንነግራችሁ ነው።

ባለፈው ዓመት ነው። ስሙን የማንጠራው አንድ ስብሰባ 90 ደቂቃ ሰጠን። የማመልከቻ ጽሑፋችን ከ300 ቃል እንዳይበልጥ ታዞ ነበር። እኛም «አገራችን የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ያላት» ብለን ጀምረን፤ «ልብስ» የሚለው ቃል ላይ ከመድረሳችን በፊት ግማሹን ጨረስነው። ርእሱም «የወሎ ባህላዊ አልባሳት በመድረክ ላይ» ነበር። በዚህ ርእስ ሥር ያልገባ ነገር አልነበረም፤ የሚጠየቅ ጥያቄ ግን አልነበረበትም። አራት ተናጋሪዎች አሰለፍን፤ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት፤ ለጥያቄና ለመልስ የቀረው 10 ደቂቃ ነው።

አራተኛዋ ተናጋሪ ከከሚሴ የመጡ እናት ነበሩ። ልብስ ይሰፋሉ፤ በገበያ ቀንም ይሸጣሉ። ስማቸውን እንድንጽፍ ስላልፈቀዱልን እናታችን እንላቸዋለን። የመጀመሪያው ተናጋሪ፤ ከእኛው አንዱ መሆኑን እንናዘዛለን፤ 35 ደቂቃ ወሰደ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የእርሱን አርአያ ተከተሉ። እናታችን ጥቅልላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ቆዩ። ተራቸው ሲደርስ የቀረው 4 ደቂቃ ነበር። በኦሮምኛ ተናገሩ። አስተርጓሚ አላዘጋጀንም፤ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ የእርሳቸውን አምስት ዐረፍተ ነገር በአንድ እያሳጠረ አወረደው። ጥቅልሉን ፈትተው ሽርጡን አንሥተው ሊያሳዩ ሲሉ፤ የውይይቱ መሪ ሰዓቱን ተመልክቶ አመሰገናቸው። ጭብጨባው ረጅም ነበር።

በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ፤ ኮምቦልቻን ካለፍን በኋላ፤ ፈገግ ብለው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «ልጆቼ፤ የጠራችሁኝ ጨርቅ ልሸከም ነበር ወይስ ልናገር?»

መልስ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ከሚሴ ሄደን ቤታቸው ሦስት ቀን ተቀመጥን። ስብሰባው ላይ ያላየነውን ያየነው እዚያ ነው። አንዱን ጓደኛችንን ሽርጥ አስታጠቁትና ሂድ አሉት። ሄደ። ሳቁ። «ሱሪ የለበሰ ሰው ነው የሚሄደው» አሉ። እርምጃውን አሳጥረው፤ እጥፉን በእጃቸው አጥብቀው፤ ደግመው አስኬዱት። በሦስተኛው ጊዜ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። እኛ ግን ላቀረብነው ጭውውት ሽርጡን እንዳይወልቅ ብለን በላስቲክ ሰፍተነው ነበር። የማይወልቅ ሽርጥ የለበሰ ተዋናይ እጁ ወደ ወገቡ አይሄድም፤ ሲቀመጥም አይጠነቀቅም። ሰፊው ባንድ መርፌ የገጸ ባሕርዩን ግማሽ ጠባይ ሰፍቶ ዘጋው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ነጭ ጨርቅ በመድረክ መብራት ሥር ዐይን ይወጋል፤ ስለዚህ የቴአትር ልብስ አዘጋጆች በሻይ ነክረው ማደብዘዛቸው በዓለም የታወቀ ዘዴ ነው። እኛም አንድ ነጭ ኩታ ነክረን ይዘንላቸው ሄድን። እናታችን ተቀበሉ፤ ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩት፤ አጣጥፈውም ወደ ጎን አስቀመጡት። «ይህን ለብሶ እንግዳ ፊት የሚቆም ያገሬ ሰው የለም። ሳሙና አጣን ብላችሁ ልትነግሩብን ነው?» አሉ። የመብራቱን ነገር አስረዳናቸው። ገብቷቸዋል፤ ነገር ግን አልተስማሙም። «እንግዲያው መብራቱን ቀንሱት» አሉን።

ጓደኞቻችን፤ ይህ ቀላል ንግግር አይደለም። ተመልካቹ በልብስ ያነባል። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ የምትገባ ሴት አፏን ሳትከፍት ኀዘንተኛ መሆኗን ሁላችን እናውቃለን። እንዲሁ ሁሉ የደበዘዘ ኩታ የለበሰ የከሚሴ ሽማግሌ ሲገባ ተመልካቹ «ድኻ ነው፤ ቆሻሻ ነው» ብሎ ያነብባል እንጂ «መብራቱ በርትቶ ነው» ብሎ አያነብብም። በሌላው በኩል ደግሞ ብርሃን ያቃጠለው ነጭ ጨርቅ የተዋናዩን ፊት ይሰውራል። ባለ መብራቱም እውነት አለው፤ እናታችንም እውነት አላቸው። በበኩላችን ወደ እናታችን እናደላለን፤ ሆኖም የልብስ ክፍል ኃላፊ ሆኖ የሠራ ሰው ቢቃወመን ደስ ይለናል። ለዚህም ነው ጉባኤ የሚያስፈልገው።

ስለዚህ ለመጪው የአልባሳት ጉባኤ የጻፍነው አዲሱ ማመልከቻ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ «የአንድ አገር ሰው ልብስ ለመድረክ ሲባል ምን ያህል ሊለወጥ ይገባዋል? ፈቃዱንስ የሚሰጠው ማን ነው?» ሦስት ሺሁን ዘመን አውጥተነዋል። ተናጋሪዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ እናታችንና አንድ የቴአትር ቤት ልብስ ሰፊ። ከ90ው ደቂቃ 40ው የእናታችን ነው። ብዙ መስሎ ከታያችሁ ትርጉሙን አስቡት። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚነገር፤ 40 ማለት ለእርሳቸው 20 ነው። አስተርጓሚው ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሳያሳጥር የሚመልስ ይሆናል፤ ካሁኑም ከእናታችን ጋር ሁለት ጊዜ ተለማምዷል። ሰፊው 15 ደቂቃ አለው። መክፈቻው 5 ነው፤ የቀረው 30 ለክርክር ነው። መሪው ከእኛ ወገን አይሆንም፤ ጓደኛ ጓደኛውን ዝም ማሰኘት ይፈራልና።

ጠረጴዛ፤ ትልቅ መስተዋትና አንድ ጠንካራ መብራት ጠይቀናል። ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ሁለት ተዋናዮች በሕዝብ ፊት ይለብሳሉ፤ አንዱ እናታችን እንዳሉት፤ አንዱ ሰፊው እንዳለው። ከዚያ መብራቱ በርቶ ሁሉም ያያል። ፎቶግራፍ የሚነሣው እናታችን ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

ስለ ገንዘብም ግልጽ እንሁን። መምህር ወደ ጉባኤ ሲሄድ ደመወዙ አይቋረጥም፤ የውሎ አበልም አለው። ገበያ የምትውል እናት ግን ስትሄድ ገበያዋ ይቀራል። የመጓጓዣውን ብቻ ሳይሆን የቀረባቸውን የገበያ ቀን ዋጋ በማመልከቻው ውስጥ አስገብተናል። ማኅበራችን ከመዋጮው እንዲያግዘን የምንለምነውም ይህንኑ ነው። ኦሮምኛ የሚችሉና ለመርዳት የሚፈልጉ ጓደኞች ከዚህ ስብሰባ በኋላ ያነጋግሩን።

ማመልከቻውን ከመላካችን በፊት ለእናታችን በስልክ አነበብንላቸው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው ሲያበቁ ይሁን አሉ፤ አንድ ነገር ግን አስጨመሩን። ቀኑ እሑድ እንዳይሆን፤ የሰንበቴ ገበያ ነውና። በመጨረሻው መስመር ላይ ጽፈነዋል።